የመኪናው ባትሪ ለመኪናው

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ባትሪ ነው። «የመጋቢ ሚስት ከባትሪ ጋር ምን አገናኛት?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ነገር ግን በእኛ ቤት ባልና ሚስትን ያኳረፈውም፣ መልሶ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀመጠውም ባትሪ ነው።

ነገሩ የጀመረው ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በዚያ ማለዳ በላሊበላ ፀሐይ እንደ ቀለበት ሆና ስትታይ፣ እኛም ሲ.ኤም.ሲ ግቢያችን ውስጥ ሆነን አብዛኛው ክፍሏ ሲሸፈን በመከላከያ መነጽር ተመለከትን። ከዚያ ወዲህ የልጃችን ዓይን ከሰማይ አልተነቀለም። በሰሜን በኩል ከምናየው የእንጦጦ ተራራ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች እንዳሉ ሲሰማማ ጭራሽ እንቅልፍ አጣ። ባለቤቴም ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ትንሽ ቴሌስኮፕ አገኘለት፤ ባለ ሞተር ነው። ምድር ስለምትዞር ኮከቡ ከዕይታ እየሸሸ ይሄዳል፤ ሞተሩ ቀስ እያለ ይከተለዋል። ለዚህም 12 ቮልት ይፈልጋል።

ባለቤቴ «ባትሪ እንግዛለት» አለኝ። «በምን ብር?» አልኩት። በሌላ ጊዜ ደግሞ አነሳው፤ እኔም ያንኑ መለስኩለት። ሦስተኛ አልጠየቀኝም፤ ቴሌስኮፑን ከመኪናችን ጋር በሽቦ አገናኘው።

አንድ የታኅሣሥ ሌሊት አባትና ልጅ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ጁፒተርን ሲመለከቱና በላፕቶፕ ፎቶ ሲያነሡ ቆዩ። ንጋት ላይ በራችን ተንኳኳ። ጎረቤታችን ሚስቱን ምጥ ይዟታል። ባለቤቴ እየሮጠ ቁልፉን ቢያዞር መኪናው «ትክ ትክ» ብሎ ዝም አለ። ያቺ እህት ግቢያችን በር ላይ ግድግዳ ተደግፋ ስታቃስት የጠበቅነውን ደቂቃ አልረሳውም። ሌላ ጎረቤት ደርሶ ወሰዳት፤ በሰላምም ተገላገለች። እኔ ግን ባለቤቴን ለሁለት ቀን አላናገርኩትም።

በሦስተኛው ቀን ማታ ወረቀት ይዞ መጣና «አንድ ጊዜ አብረን እናስላው» አለኝ። ወገኖቼ፣ ይህን ቀድመን ብናደርገው ኖሮ ያ ንጋት ባልደረሰብን ነበር። እሱ ዕቃው ምን ያህል እንደሚጠጣ ሳይጠይቅ ሰካው፤ እኔም ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ሳልጠይቅ ከለከልኩ።

ስሌቱ ከአስቤዛ ሂሳብ አይከብድም። ዋት ማለት ዕቃው የሚጠጣው ነው፤ በሚሠራበት ሰዓት ሲባዛ ዋት-ሰዓት ይሆናል። የእኛ ሞተር በአማካይ 12 ዋት ይጠጣል። ላፕቶፑ ግን በኢንቨርተር በኩል ስለነበረ ከብክነቱ ጋር 60 ዋት ደርሷል። ድምሩ 72 ዋት፣ በ6 ሰዓት 432 ዋት-ሰዓት! ባለ 45 አምፒር-ሰዓት የመኪና ባትሪ አዲስ ሆኖ እንኳ ከ540 አያልፍም፤ የእኛ ደግሞ ያረጀ ነው። በዚያ ላይ የመኪና ባትሪ ለአፍታ ብዙ ኃይል ሰጥቶ ሞተር እንዲያስነሳ እንጂ ሌሊቱን ሙሉ እየተሟጠጠ እንዲያድር አልተሠራም። ተደጋግሞ ሲሟጠጥ ዕድሜው ያጥራል።

እስቲ ልብ በሉ፤ ባትሪውን የጨረሰው ቴሌስኮፑ ሳይሆን ላፕቶፑ ነው። ስለዚህ ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ የሚቆይበትን ያህል ብቻ ይሥራ ብለን ተስማማን። የቀረው የሞተሩ 12 ዋትና፣ ጤዛ መስታወቱን እንዳያደበዝዘው ዙሪያውን የሚታሰረው ማሞቂያ 10 ዋት ነው። 22 ዋት በ4 ሰዓት 88 ይሆናል። ለመጠባበቂያ ግማሹን ብንጨምርበት 132 ዋት-ሰዓት። ባለቤቴ ያሰበው ትልቅ ሳጥን 500 ነበር፤ እኔ የፈቀድኩት ደግሞ ዜሮ። ሁለታችንም ተሳስተናል።

ለመግዛት ስትወጡ የሚከተለውን ያዙ። የዩፒኤስ ባትሪ፣ ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት የሆነው፣ በወረቀት 84 ዋት-ሰዓት ነው። ነገር ግን የአሲድ ባትሪ ዕድሜ እንዲኖረው ከግማሽ በላይ አይሟጠጥም፤ ስለዚህ ለእኛ ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሳይሞላ ከተቀመጠም ይበላሻል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የተባለው ዋጋው ከፍ ይላል፤ ሆኖም አብዛኛውን ኃይሉን ይሰጣል፣ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜም ይሞላል። ባለ 12 አምፒር-ሰዓቱ 12.8 ቮልት ስለሆነ 154 ዋት-ሰዓት ይይዛል። እኛ የመረጥነው ይህንን ነው። ሻጭ «20,000 ሚሊአምፒር» እያለ ፓወር ባንክ ሲያሳያችሁ ቁጥሩ አያስደንግጣችሁ። የሚባዛው በ12 ሳይሆን በ3.7 ነው፤ 74 ዋት-ሰዓት ብቻ ይሆናል። ብዙዎቹም 5 ቮልት እንጂ 12 አይሰጡም።

ከውጭ አገር እህት ወንድም የሚልክላችሁም አስቀድማችሁ ንገሯቸው። በመንገደኛ አውሮፕላን እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለው ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ ይያዛል። ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ከዚያ በላይ የሆነው በሻንጣ አይመጣም። የእኔ እህት ትልቁን ሳጥን ልትገዛልን ስትዘጋጅ የደረስንባት በስልክ ነው።

ስትሰኩ ደግሞ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን አጣሩ፤ ከተገለበጠ የቴሌስኮፑን ሰርኪዩት ያቃጥላል። 12 ቮልት የሚፈልገውን ዕቃ በቀጥታ ከባትሪው አገናኙት እንጂ በኢንቨርተር 220 አድርጋችሁ መልሳችሁ አታውርዱት፤ በመንገድ ብዙ ይባክናል። በረንዳችሁ ላይ ሶኬት ካለ ትክክለኛ አዳፕተር ከሁሉም ይረክሳል። ነገር ግን መብራት ሲጠፋ ቴሌስኮፑ ያለበትን ይረሳና ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ይሆናል። ገመዱም በጨለማና በጤዛ መካከል ለልጆች አደገኛ ነው። ገና ያልገዛችሁ ደግሞ በእጅ የሚገፋ፣ ምንም መብራት የማይፈልግ ቴሌስኮፕ እንዳለም እወቁ።

አሁን ባትሪያችን መብራት ሲጠፋ ለልጆቹ ማጥኛ አምፖልና ለዋይፋዩም ያገለግላል። ምጣድ ግን አይሞከርም፤ እሱ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ይጠጣል!

እናንት ባልና ሚስት፣ በቤታችሁ የተከለከለ ወይም በድብቅ የተሰካ ነገር ካለ ዛሬ ማታ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ተቀመጡ። «አይሆንም» ከማለታችሁ በፊት «ስንት ያስፈልጋል?» በሉ። እኔ ይህን የተማርኩት ምጥ የያዛት እህት በር ላይ ቆማ ነው፤ እናንተ ግን በርካሽ ተማሩት። እስከሚቀጥለው ዕትም በሰላም ቆዩኝ።