ዕድራችን ለሕያዋንም ይድረስ

ጆሃንስበርግ፣ ጂፒ ላይ ሱቅ ያለው ሰው ሁሉ ያቺን ወረቀት ያውቃታል። ሁለት ልጆች ከፎቅ ፎቅ፣ ከሱቅ ሱቅ ይዘዋት ይዞራሉ፤ አናቷ ላይ የሟቹ ስም፣ ከሥሩ የአዋጪዎች ስምና የራንድ ቁጥር። ብዙ የሚጠይቅ የለም። ሎኬሽን በምንለው የከተማ ዳር ሰፈር ውስጥ ሱቁ ላይ የተገደለ ልጅ ነው ከተባለ እጅ ወደ ኪስ ይገባል። ከቀናት በኋላ አስከሬኑ ከኦአር ታምቦ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ ቦሌ ያርፋል፤ ከዚያ በመኪና ወደ ሆሳዕና ወይም ወደ ዱራሜ፣ እናቱ ወደምትጠብቅበት። በዚህ ሥራችን እኮራለሁ፤ ማንም ሳያስገድደን ያቆየነው ነው።

የዛሬው ጥሪዬ ግን ያቺ ወረቀት ስለማትዞርለት ሰው ነው። በዚያው ሌሊት፣ በዚያው ሱቅ ተመትቶ ስላልሞተው።

ጥይቱ አከርካሪውን ነክቶታል፤ ከወገቡ በታች አይሰማውም። ሻርሎት ማክሴኬ ወይም ባራግዋናት ሆስፒታል ነፍሱን ያተርፉለታል፤ የዚህ አገር ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ድንገተኛ ሕክምና ለማንም ሰው እንዳይከለከል ይደነግጋል። ችግሩ የሚጀምረው ሲወጣ ነው። የሚመለሰው ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ወደሚጋራት አንዲት ክፍል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ በጠያቂ ይሞላል፣ ብርቱካንና ጁስ ይደረደራል። በሦስተኛው ወር የሚያገላብጡት እነዚያው አብረውት የሚያድሩት ልጆች ብቻ ናቸው፤ እነሱም ማለዳ ወጥተው ማታ የሚገቡ። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ካልተገላበጠ ገላው ይቆስላል፤ ቁስሉ ካመረቀዘ ደግሞ ጥይቱ ያልገደለውን ሰው ይገድለዋል። የሽንት ቱቦው በጊዜው መቀየር አለበት። ዳይፐር፣ ጓንትና ተሽከርካሪ ወንበር ያስፈልገዋል። አባቱ በሬ ሸጦ፣ ማሳ አስይዞ ነው የላከው፤ ስለዚህ ከአገር ስልክ ሲደወል «ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይላል።

እንዲህ ያለ ቤት ገብቼ ስወጣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ያንገበግበኛል። ይህ ልጅ ቢሞት ኖሮ ገንዘቡ በሁለት ቀን ይሞላለት ነበር።

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ከመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የደቡብ አፍሪካ ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 28.79 ራንድ ሆነ። አንዲት አስታማሚ በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ብትሠራ በዚህ ዝቅተኛ ሂሳብ እንኳ 6,000 ራንድ ገደማ ይደርሳታል። ሌሊቱን አልቆጠርኩም፤ መድኃኒቱንና የቤት ኪራዩንም አልቆጠርኩም። በመንግሥት በኩል ከዚያው ዓመት ሚያዝያ ጀምሮ የአካል ጉዳተኞች ድጎማ 2,310 ራንድ ነበር። የሙሉ ጊዜ አስታማሚ ለሚያስፈልገው ድጎማ ተቀባይ ተጨማሪ 560 ራንድ ነበር። ሁለቱ ተደምረው 2,870 ይሆኑ ነበር፤ የአስታማሚዋን ግማሽ ደመወዝ እንኳ አይሞሉም ነበር።

ያም ሆኖ የሚገባን ሰዎች ሳንጠይቀው የምንቀረው ገንዘብ ነው። ድጎማውን የሚሰጠው ሳሳ የሚባለው የመንግሥት የድጎማ ቢሮ ነው፤ ማመልከቻው በነጻ ነው፤ ስለዚህ «አስጨርስላችኋለሁ» ብሎ ገንዘብ ለሚቀበል ደላላ አንድ ሳንቲም አትስጡ። በስደተኝነት ዕውቅና ያገኘ፣ ማለትም ሴክሽን 24 የያዘ ሰው ማመልከት ይችላል። ከተከለከለም በ90 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል። ለአስታማሚ የሚሰጠው ተጨማሪ ድጎማ ራሱን የቻለ ማመልከቻ ይፈልጋል፤ ዋናው ድጎማ ስለተፈቀደ ብቻ አብሮ አይመጣም። በመኪና አደጋ የተጎዳ ደግሞ የመንገድ አደጋ ፈንድ የሚባለውን ይወቅ፦ ገጭቶ ያመለጠው ሾፌር ካልታወቀ 2 ዓመት፣ ከታወቀ 3 ዓመት ካለፈ መብቱ ይቃጠላል። በእነዚህ ቢሮዎች ደጅ በተሽከርካሪ ወንበር ብቻውን የሚሰለፍ፣ ቋንቋውም የማይረዳው ልጅ ግን ይህን ሁሉ ከየት ያውቀዋል?

ሴክሽን 22፣ የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት ብቻ የያዘው ደግሞ የአካል ጉዳተኞች ድጎማ አይደርሰውም። በመካከላችን እንዲህ ያለው ብዙ ነው። ለእሱ ያለነው እኛው ነን።

«ሬሳ አንድ ጊዜ ነው፤ በሽተኛ ግን መቼ ያልቃል?» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የከበደንም እሱ ነው። ማለቂያው የማይታወቅ ስለሆነ ነው ግን በዚያች በምትዞረው ወረቀት የማይቻለው። ወረቀቷ ለድንገተኛ ነገር ናት፤ ሁለተኛ ስትዞር ሰው ያጉረመርማል፣ ሦስተኛ ስትዞር ሱቁን ይዘጋል። ለረጅም ነገር የሚሆነው አባቶቻችን ዕድር ሲያቆሙ ያገኙት ዘዴ ነው፦ ጥቂት ገንዘብ፣ በየወሩ፣ ችግሩ ሳይመጣ። የዚህ አገር ጎረቤቶቻችንም ስቶክቬል በሚሉት ዕቁብና በቀብር ማኅበራቸው ለትውልዶች የኖሩበት ነው። 60 ሰው በወር 100 ራንድ ቢያዋጣ የአንዲት አስታማሚ ደመወዝ ሞላ። እኔ በምሠራበት ፎቅ ላይ ብቻ ከ60 በላይ ሱቅ አለ።

ገንዘቡ ከቀብሩ ሂሳብ ጋር እንዳይቀላቀል እለምናለሁ። ለብቻው ይቀመጥ፤ «የአስታማሚ ሂሳብ» እንበለው። በየትውልድ ቀዬው፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ የተከፋፈልን መሆናችንን አውቃለሁ። የቀብር ዕድሩ እንደዚያው ይቆይ። ይህኛው ግን አንድ ዕድር ብቻውን የሚችለው አይደለም፤ በሽተኛው ሀዲያም ይሁን ከምባታ፣ ከጎንደርም ይምጣ ከጅማ፣ ጀርባው አንድ ዓይነት ነው የሚቆስለው። ከገንዘቡ ያልተናነሰ ደግሞ እንግሊዝኛ ወይም ዙሉ የሚችል፣ ሳሳ ድረስ አብሮ የሚሄድ፣ የሐኪሙን ወረቀት የሚያስሞላ ሰው እንፈልጋለን። እዚህ ተወልደው ትምህርት ቤት የገቡ ልጆቻችን ይህን ከማናችንም በተሻለ ይሠሩታል።

«ለምን አገሩ አይገባም?» የሚለውም መልስ ይፈልጋል። ፈልጎ የሚገባ ይግባ፤ ግን ቦሌ ላይ አውርደን ግዴታችንን ጨረስን አንበል። ወላጆቹ ያረጁ፣ ቤቱ ከአስፋልት የራቀ ከሆነ የአስታማሚው ሂሳብ እዚያም ይከተለው። ለመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ከየአገሩ ስናዋጣ፣ የማናውቀውን ሰው ከጎዳና ስናስነሣ ኖረናል። ይኸኛውን ግን በስም እናውቀዋለን፤ አብረን ዕቁብ ጥለናል።

እርጅናም እየመጣብን ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጎልማሳ ሆነው የመጡት ዛሬ ስድሳን እየያዙ፣ አንዳንዱም እያለፉ ነው። ስኳርና ደም ግፊት የያዛቸውን፣ ግማሽ ጎናቸው የደነዘዘውን እያየን ነው። ጡረታ የሚያስገኝ ቀጣሪ የነበረው ከመካከላችን ስንቱ ነው?

የምንነግድበት ሜዲካል አርትስ ሕንፃ ጂንስና ብርድ ልብስ ሳይሞላው በፊት የሐኪሞች ክፍል ነበር፤ ስሙ የቀረው ከዚያ ነው። የመጀመሪያውን ስብሰባ እዚያው፣ እሑድ ሱቅ ከተዘጋ በኋላ እናድርገው። የየዕድሩ ሰብሳቢና ሂሳብ ያዥ መዝገባቸውን ይዘው ይምጡ። አልጋ ላይ ያለ ሰው የሚያውቅ ሁሉ ደግሞ፣ ሰውየውን አስፈቅዶ፣ ስሙን፣ የያዘውን ወረቀት ዓይነትና ማን እንደሚያገላብጠው ጽፎ ይምጣ።