ስለ መንጠቆ ምሕረት

ወርኃ ጽጌ ገብቶ፣ ከመተማ ወደ ገላባት የተሻገረው ሳሉግ የሚባለው የወቅት ሠራተኛ በገዳሪፍ ጥቁር መሬት ላይ የደረሰውን ሰሊጥ ጎንበስ ብሎ በሚያጭድበት ወራት፣ ከዚያው ከምሥራቅ ሱዳን ጫፍ፣ ከፖርት ሱዳን ወደብ፣ በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ጦርነቱ እስኪነሣ ድረስ፣ ከባሕር ማዶ የመጡ ባለጸጎችን የጫኑ ጀልባዎች ዋሁና ቱና የተባሉትን ዓሦች ለማጥመድ ወደ ቀይ ባሕር ጥልቅ ውኃ ይወጡ ነበር። እኔ በሰው ተድላ የምቀና አይደለሁም፤ ገንዘቡን በባሕር ላይ መበተን ያማረው ይበትን። የምቃወመው ከጀልባው ጋር ተጭኖ የመጣውን ትምህርት ነው፤ ይኸውም ለጨዋታ የሚያጠምድ ሰው፣ ይዞ ስለሚለቅ፣ የፍጥረት ወዳጅ ሲሆን፣ ለዕለት ጉርሱ መረብ የሚጥል ድኻ ግን የፍጥረት ጠላት ነው የሚለው፣ ዛሬ በእኛም ምሁራን አፍ ሳይመረመር የሚደጋገመው ሐሳብ ነው።

ምሕረት የተባለውን መለቀቅ እስቲ ከዓሣው ወገን ሆነን እንየው። ቱና በአንድ ስፍራ ቆሞ የሚተነፍስ ፍጥረት አይደለም፤ አፉን ከፍቶ ሳያቋርጥ ካልዋኘ በቀር ውኃው በስንጥቡ አያልፍለትም፤ ገላውም ከሚኖርበት ባሕር ይልቅ የሚሞቅ ነው። እንዲህ ያለውን ፍጥረት በመንጠቆ ይዘው እስኪዝል ድረስ ሲያታግሉት ጡንቻው በድካም አሲድ ይሞላል፤ ከዚያም ትንፋሹ ተቋርጦ ሳለ ከውኃ ያወጡትና አቅፈውት ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ከተለቀቀ በኋላ ጠልቆ መሄዱ ይታያል እንጂ መዳኑ አይታይም፤ ያጠመደው ሰው ግን ነፍስ ያዳነ መስሎት ደስ ብሎት ይመለሳል። በዓሦቹ ጀርባ ላይ ምልክት እየሰኩ የሚለቁት ስለ ዓሦች ጉዞ ለሊቃውንቱ ብዙ ማስረዳታቸውን አልክድም፤ ይህ ግን የዕውቀት እንጂ የርኅራኄ ግብር አይደለም። ዋሁውን ይዞ፣ በልቶና ለጎረቤት አካፍሎ የሚያድረውን ሰው ከዚህ ሁሉ ይልቅ አከብረዋለሁ።

ሚዛኑ የተዛባው ደግሞ ዛሬ አይደለም። ሳሙኤል ቤከር የተባለው እንግሊዛዊ፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1861፣ የእኛ ጓንግ ወንዝ ወደ አትባራ ተለውጦ በሚወርድበት አገር በደረሰ ጊዜ ወንዙ በበጋ ደርቆ ኩሬ ኩሬ ሆኖ አገኘውና፣ ዓሣውም አዞውም ጉማሬውም በየኩሬው ታጉሮ ሳለ፣ ከአገሩ ባመጣው ዘንግና ክር ዓሣውን ሲያጠምድ፣ በጠመንጃው ጉማሬውን ሲያድን ከረመ። በ1866 የሰር ማዕርግ ተሰጠው። ማዕርጉ ስለ ጉማሬ ሳይሆን ስለ አልበርት ሐይቅ አሰሳው መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ለተድላ መግደሉ ከስሙ ላይ አንዲት ጥላ እንኳ አላጠላበትም። በጣና ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ግን ያንኑ ጉማሬ በጦር ወግተው፣ ሥጋውን በልተው፣ ቆዳውን ለሥራ በማዋላቸው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ከማዕዱ ለይቷቸው ኖረ። አንዱ ስለ ተጫወተ ጀግና፣ ሌላው ስለ በላ ርኩስ ተባለ፤ ይህን ፍርድ የፈረድነው እኛው ነንና ጥፋቱን ሁሉ በፈረንጅ ላይ አላላክክም።

በገዳሪፍ ገበያ የአትባራን ዓሣ የሚጠብስ ሰው አይቶ የሚያውቅ፣ ቅርፊቱን በቢላዋ ፍቆ፣ ጎኑን ሰንጥቆ፣ በዱቄት ለውሶ ከሚፈላው ዘይት ሲጨምረው፣ ከሎሚና ሻጣ ከሚባለው በርበሬ ጋር በዳቦ ላይ ሲሰጠው፣ ለቀን ሠራተኛው ምን ያህል ምሳ እንደሚሆን ያውቃል። ዛሬም ይህን ዓሣ ጠባሽና መረብ የሚጥልለትን ድኻ ነው ወንዙን አራቆታችሁ የሚሏቸው። ወንዙን በእርግጥ የሚያራቁተው ምን እንደሆነ ለማየት የሚሻ በአትባራ ላይ ወደ ተሠራው ወደ ኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ ይሂድ። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1964 የተፈጸመው ያ ግድብ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ ቢሠራም፣ ከጎንደር ደጋ ተጠርጎ የሚወርደው አፈራችን ስለ ሞላው፣ ለብዙ ዓመታት በክረምት ጎርፍ ጊዜ በሮቹን ከፍተው ደለሉን ሲያጥቡት ኖረዋል፤ በዚያን ጊዜ ዓሣው በጭቃ ታፍኖ በገፍ ያልቃል፤ የታችኛው አገር ሰውም ከዳር ይለቅመዋል። አንድ መረብ በዘመኑ ሁሉ የማያወጣውን ዓሣ አንድ የማጠቢያ ሰሞን ይጨርሰዋል፤ ይሁን እንጂ ስለዚህ እልቂት የይዞ መልቀቅ ሰባኪዎች ሲከራከሩ አልሰማሁም፤ በዚያ የሚታቀፍና ፎቶግራፍ የሚነሣ ትልቅ ዓሣ የለምና።

ሕግ የሚያወጡ ሰዎች እንግዲህ የመረቡን ዓይን ስፋት ከመለካታቸው በፊት የግድቡ በር የሚከፈትበትን ጊዜና መጠን፣ ከዚያም በላይ በደጋው እርሻ ላይ ያልተሠራውን እርከን ይመልከቱ። ሰላም ወርዶ የፖርት ሱዳን ጀልባዎች ዳግመኛ ሲወጡም፣ ተጫዋቹ እንደ ተጫዋች፣ ጠጅ ቤት እንደሚገባ ሰው፣ የተድላውን ዋጋ ይክፈል፤ ለገዳሪፉ ዓሣ ጠባሽ ስለ ርኅራኄ ሊያስተምር ግን አይነሣ።