ቤዝመንት የሚተኛው ሰው የሚሰማው ድምፅ

በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ ለአሜሪካ አዲስ የሆኑ ብዙ ኢትዮጵያውያን ኑሮ የሚጀምሩት ቤዝመንት ተከራይተው ነው። ቤቱን የሚያሞቀው ማሽን፣ ፈርነሱ፣ ያለውም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው፣ ከአልጋው ግድግዳ ማዶ ነው። ብርዱ ሲገባ የማሽኑን እንግዳ ድምፅ ቀድሞ የሚሰማው ተከራዩ ነው። ፎቅ ላይ የሚተኛው አከራይ አይሰማም፤ ተከራዩም «አስቸጋሪ ነው» እንዳይባል ዝም ይላል።

ይህ ይሉኝታ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

እርግጥ ነው፣ ድምፅ ሁሉ አያስደነግጥም። የቆርቆሮ አየር ቱቦ ሲሞቅ ስለሚለጠጥ፣ ሲቀዘቅዝም ስለሚኮማተር ቋ ቋ ይላል፤ ጉዳት የለውም። ፉጨት ከተሰማ ቀድሞ መታየት ያለበት ፊልተሩ ነው። አቧራ ከደፈነው አየሩ በግድ ስለሚሳብ ያፏጫል፤ ከ1 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ መቀየር አለበት። ብረት ከብረት የሚፋጭ የሚመስል ሲጥሲጥታ ግን የሞተሩ ኩሽኔታ ማለቁን ሊያመለክት ስለሚችል፣ ማሽኑን አጥፍቶ ባለሙያ መጥራት ይበጃል። በሙቀቱ ወራት ከኤሲው «እስስ» የሚል ድምፅ ሳያቋርጥ ከተሰማ የማቀዝቀዣው ጋዝ እያፈተለከ ሊሆን ይችላል። ይህን ጥገና በአሜሪካ ሕግ የሚሠራው የምስክር ወረቀት ያለው ቴክኒሻን ነው።

ከሁሉ የሚያሰጋው ፈርነሱ ሲነሳ ከውስጡ የሚሰማው «ዷ!» የሚል ድምፅ ነው። ማቃጠያው ሲቆሽሽ ጋዙ ወዲያው ሳይለኮስ ይጠራቀምና በአንድ ጊዜ ይቀጣጠላል። ይህ ሲደጋገም ሙቀት አስተላላፊውን ብረት ሊሰነጥቅ፣ በስንጥቁም ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ መኖሪያው ሊገባ ይችላል። ኢትዮጵያዊ ይህን ጋዝ ያውቀዋል፦ በተዘጋ ቤት ከሰል አንድደው የተኙትን ሳይነሱ የሚያስቀራቸው እሱ ነው። ሽታም ቀለምም የለውም። በአሜሪካ ከእሳት አደጋ ጋር ባልተያያዘ የዚህ ጋዝ መመረዝ በየዓመቱ ከ400 በላይ ሰዎች ይሞታሉ።

ለምሳሌ የሚኒሶታ ግዛት ሕግ ከእያንዳንዱ መኝታ ክፍል በ10 ጫማ ርቀት ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ እንዲኖር ያዛል። ቤዝመንትም ሰው እስከተኛበት ድረስ መኝታ ቤት ነው። አከራዮች መሣሪያውን እዚያም ይትከሉ፤ ብርዱ ሳይገባም ፈርነሱን ያስመርምሩ። ተከራዮችም ድምፁን በስልካቸው ቀድተው በጽሑፍ ያሳውቁ። ማስጠንቀቂያው ከጮኸ ወይም ፈርነሱ የሚያነደው ጋዝ ከሸተተ ግን ማብሪያ ማጥፊያ ሳይነኩ ቤተሰቡን ይዘው ይውጡ፤ 911 የሚደወለው ውጭ ከወጡ በኋላ ነው።