ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት የኋላ ወንበሩን አንሱ

የመጨረሻዋ አሮጌው ቅርጽ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2003 ነበር። በእኛ ሰፈር ግን ቮልስ ዛሬም ጡረታ አልወጣችም፤ የልጅ ልጆች ትምህርት ቤት ይመላለሱባታል።

በቀደም የጎረቤታችን ልጅ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ የአባዬ ቮልስ ጠዋት ጠዋት አልነሳ ብላለች። ባትሪ ልግዛላት?»

«በዚህ ዓመት ስንተኛው ነው?»

«ሦስተኛው።»

«ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀይ መብራትስ?»

«እሱማ ከበራ ቆየ፤ ለምደነዋል።»

ብዙ ቤት የሚባክነው ገንዘብ እዚህ ላይ ነው። ባትሪ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል እንጂ አያመርትም። የሚያመርተው ሞተሩ በቺንጋ የሚያዞረው ዲናሞ ነው፤ በኋላ በወጡት ላይ ደግሞ አልተርኔተር። ሬጉሌተሩ መጠኑን ይቆጣጠራል። እህል የሚያስገባ ከሌለ ጎተራ መለወጥ ምን ይጠቅማል?

ስለዚህ ከመግዛት በፊት መለካት ይቀድማል። አንድ የቮልት መለኪያ ከባትሪ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ትንሽ ነው። ባለ 12 ቮልት መኪና ከሆነች (የጥንቶቹ ባለ 6 ናቸው)፣ አድራ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ባትሪውን ለኩ። 12.6 አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው፤ ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ ሞተሩን አስነስታችሁ ነዳጅ ሰጥ እያደረጋችሁ ድገሙት። ከ13.5 እስከ 14.5 ካሳየ ባትሪው እየተሞላ ነው። ቁጥሩ ንቅንቅ ካላለ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ከ15 ካለፈ ደግሞ ሬጉሌተሩ ባትሪውን እያፈላው ነው። ዲናሞ ያላት መኪና ቆማ በዝቅተኛ ዙር ስትሠራ መብራቱ ብልጭ ድርግም ቢል አትደንግጡ፤ ነዳጅ ሲሰጣት መጥፋት አለበት።

የጎረቤታችን ቮልስ ሞተሯ ተነስቶም ከ12.1 አልበለጠችም። መጀመሪያ ያየነው ቺንጋውን ነው። በአውራ ጣት ሲጫኑት ወደ 1.5 ሴንቲ ሜትር ቢረግብ ደንብ ነው፤ የእሷ ግን እጥፍ ረገበ። በቮልስ ቺንጋ የሚጠብቀው በፑሌው ሁለት ክፋይ መሃል ካሉት ስስ ቀለበቶች ጥቂቱን በማውጣት ነው፤ የወጡትም እንዳይጠፉ ከውጭ በኩል ከብሎኑ ሥር ይቀመጣሉ። ጠበቀ፤ ቁጥሩ ግን ያው ነው። የባትሪውን ጫፎችና ከባትሪው ወደ መኪናው አካል የሚሄደውን ገመድ፣ ማሳ የሚሉትን፣ አጸዳን። አሁንም ያው። የዲናሞው ካርቦኖች አልቀው ኖሯል። ኤሌክትሪሽያኑ ሲቀይራቸው 13.9 አሳየች። ያው ባትሪ ቻርጅ ተደርጎ ተመለሰላት።

ቀዩን መብራት ግን ለገንዘቡ ብቻ ብላችሁ አትፍሩት። ቮልስ ውሃ የላትም፤ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ፋን የሚዞረው በዚያው ዲናሞውን በሚያዞረው ቺንጋ ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ መብራቱ ይበራል፣ ሞተሩም ወዲያው መጋል ይጀምራል። እየነዳችሁ ድንገት ከበራ ዳር ያዙና ሞተሩን አጥፍታችሁ የኋላውን ኮፈን ክፈቱ። ቺንጋው ከሌለ አንድ ሰፈር እንኳ አትሂዱ።

አሁን ወደ ርዕሴ ልመለስ። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ወንበሩን ስናነሳ የባትሪው መክደኛ የለም። ባትሪው ሲቀየር አንዱ አውልቆት ሳይመልሰው ቀርቷል። ከጫፉ በላይ ያለው የወንበሩ ሽቦ ጠቁሯል። ሦስት ልጆች የሚቀመጡት እዚያ ላይ ነው። ሰው ሲቀመጥ ሽቦው ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ከነካ ይግላል፤ የወንበሩ ሙሌት ደግሞ በቀላሉ ይቀጣጠላል። የጎረቤቴ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ለብዙ ጊዜም ምንም አልተናገሩ። በዚያው ቀን ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ መክደኛ ተገጠመ። እናንተም ባትሪ ስትገዙ ቁመቱ ከቀድሞው እንዳይበልጥ ተመልከቱ፤ ደህና መታሰሩንም አረጋግጡ።

ሁለት ነገር ልጨምር። በየጋራዡ ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ ነቅሎ «ከጠፋ ዲናሞው አይሠራም» የሚል አለ። አትፍቀዱለት፤ በተለይ አልተርኔተር ላይ ጉዳት ያደርሳል። ገመድ የሚፈታው ሞተሩ ጠፍቶ ነው፤ መጀመሪያ ኔጌቲቩ፣ ቀለበትና ሰዓትም ወልቆ። ሌላው ደግሞ ቁልፍ ስታዞሩ ቀዩ መብራት ጭራሹን ካልበራ ደህና ናት ብላችሁ አትለፉ። አምፖሉ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። አምፖሉ የሌለበት መኪና ችግር ሲመጣ አይናገርም፤ አልተርኔተር ያላት ደግሞ በዚሁ ምክንያት ባትሪዋን መሙላት ልታቆም ትችላለች።

ቮልስ ያላችሁ ሁሉ ከሰኞ ጠዋት በፊት፣ ልጆቹ ከመሳፈራቸው በፊት፣ ያን ወንበር አንስታችሁ እዩ። ሥራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የሳምንት ሰው ይበለን።