ከወንዝ ዳር የተቆፈረ ጉድጓድ

ከጊንጪ ከተማ በስተሰሜን በሚገኘው በጭልሞ ደን፣ ከጥዱና ከዝግባው ሥር የሚመነጩት ጅረቶች ለአዋሽ ይገብራሉ። አዋሽም በቆቃ በኩል አልፎ ወደ አፋር ምድር ይወርድና ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። እንግዲህ በጅረቱ ራስ የሚኖር ሰው በውሃው ላይ የሚያደርገው ሁሉ ከበታቹ ላለው ጎረቤት የሚተርፍ መሆኑን ማንም አይስተውም።

መጸዳጃ ቤት ይቆፈር የሚለው ምክር አዲስ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ያሠለጠናቸው ባለሙያዎች ይህንኑ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም ትምህርቱን እስከ ገበሬው ደጃፍ አድርሶታል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በዚያው አቆጣጠር በ2015 ባወጡት ዘገባ መሠረት፣ በ1990 ከመቶው 92 የነበረው ሜዳ ላይ የሚጸዳዳ የአገራችን ሕዝብ ወደ 29 ዝቅ ብሏል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ጉድጓዱ መቆፈሩ ብቻ ሳይሆን የት መቆፈሩም ሊጠየቅ ይገባል እንላለን።

በገጠር የፍሳሽ ማጣሪያው አፈሩ ራሱ ነው። ከጉድጓዱ የሚሰርገው ፈሳሽ በደረቅ አፈር ውስጥ ቀስ ብሎ ሲያልፍ የበሽታው ተሐዋስያን ተይዘው ይቀራሉ። ስለዚህ ጉድጓዱ ከምንጭና ከወንዝ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከምንጩም ቁልቁል ይሁን፤ ግርጌውም ከከርሰ ምድር ውሃ 1 ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ይበል። የጊንጪ አካባቢ ጥቁር ዋልካ ግን አስቸጋሪ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ይቋጥራል፣ የጉድጓዱም ግድግዳ ይናዳል። (ባለቤቱን ሰነፍ ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፤ በነሐሴ ጉድጓዱ የተደረመሰበትን ሰው ጠይቁ።) ወደ ወንዝ ዳር ወርዶ ለስላሳውን አፈር መቆፈር የሚያጓጓውም ለዚህ ነው። ሙላት ሲመጣ ግን ዓይነ ምድሩ ሁሉ ተጠርጎ፣ ውሃ ቀጂዋ እንስራዋን ወደምትሞላበት ስፍራ ይወርዳል፤ ተቅማጡና ታይፎይዱም ከዚያ ይነሣሉ።

ዋልካ በሆነበት ስፍራ ግድግዳውን በድንጋይ መደገፍ፣ አፉንም ከመሬት ከፍ አድርጎ ዙሪያውን አፈር መደልደል ያሻል። በሞላም ጊዜ አፈር አልብሶ ሁለት ዓመት ማቆየት ነው፤ የወስፋት እንቁላል በቶሎ አይሞትምና። ድንጋይ ማጓጓዝ ለአንዲት ባልቴት ከባድ ሥራ ነው፤ በደቦ ሲሆን ግን ይቀላል።

ጽሕፈት ቤቶችም መጸዳጃ ቤት የሚቆጥሩት በበጋ ባይሆን መልካም ነው። በመስከረም፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ቆመው የተገኙት ይቆጠሩ፤ ወንዝ ዳር ያሉትም ከቁጥሩ ይውጡ።