አዲሱ ቴሌፎንና የአሮጌው አደራ

በሩቅ አገር ያለ ሰው ከባልንጀራው ጋራ ጎን ለጎን እንደ ተቀመጠ ሆኖ መነጋገር መቻሉ ለሰው ልጅ ከተሰጡት ጥበቦች አንዱ ነው። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1876 ዓ.ም. ስለ ቴሌፎን ሥራው የባለመብትነት ወረቀት ከተቀበለ ወዲህ፤ ከመቶ ዓመት ለሚበልጥ ዘመን ድምፅ በመዳብ ሽቦ ሲመላለስ ኖረ። ዛሬ ግን በብዙ አገር ቅርንጫፍ ያላቸው ታላላቅ ኩባንያዎች ሽቦውን እየተዉ ድምፃቸውን በኢንተርኔት መንገድ ይልካሉ። የዚህ ጥቅም ብዙ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን አሮጌው ሽቦ ማንም ሳያዘው ይፈጽመው የነበረ አደራ ስላለ፤ አዲሱን የሚተክል ሁሉ ይህን አደራ ማን እንደሚረከብ አስቀድሞ መወሰን ይገባዋል እንላለን።

የአሠራሩ ነገር እንዲህ ነው። የተናጋሪው ድምፅ በያንዳንዱ ሴኮንድ 8,000 ጊዜ እየተለካ ወደ ቍጥር ይለወጣል፤ ቍጥሩም ብዙውን ጊዜ በሴኮንድ 50 በሚሆኑ ትንንሽ ጥቅሎች ይከፈላል፤ በያንዳንዱም ጥቅል ላይ እንደ ደብዳቤ አድራሻ ይጻፍበትና የኩባንያው ጽሕፈትና ሒሳብ በሚተላለፍበት በዚያው መስመር ይላካል። በወዲያኛው ዳር ያለው መሣሪያ ጥቅሎቹን በየተራቸው አሰልፎ እንደ ገና ድምፅ ያደርጋቸዋል።

እንግዲህ በሎንዶን፣ በኒው ዮርክና በሲንጋፖር ቅርንጫፍ ያለውን ኩባንያ እናስብ። ቀድሞ በየሕንፃው የቴሌፎን ማዞሪያ ይተክል፤ ከአገር ወደ አገር ለሚደረገውም ንግግር በየደቂቃው ይከፍል ነበር። አሁን ግን ለቅርንጫፎቹ ሁሉ አንድ ማዞሪያ ሊበቃው ይችላል፤ እርሱም ቢሆን በሩቅ ስፍራ በተቀመጠ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ ሶፍትዌር ነው። ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ ሲነጋገር የውጭ አገር ታሪፍ አይከፈልም። ሠራተኛው ወደ ቤቱ ቢሄድ ወይም ባሕር ቢሻገር የቴሌፎን ቍጥሩ ይከተለዋል። በአሜሪካ ያለ ደንበኛ ስለ ሒሳቡ ለመጠየቅ ሲደውል፤ በፊሊፒንስ በማኒላ ከተማ ሌሊቱን ነቅቶ የሚሠራ ወጣት ይመልስለታል። እንዲህ ያለውን ጥቅም የሚንቅ ነጋዴ አይገኝም፤ እኛም አንነቅፈውም።

ይሁን እንጂ አሮጌው ቴሌፎን ሦስት ነገሮችን በዝምታ ይሠራ ነበር። መጀመሪያ፤ ኀይሉን ከቴሌፎን ማእከሉ በዚያው ሽቦ ያገኝ ስለ ነበረ የሰፈሩ መብራት ሲጠፋ እርሱ አይጠፋም። ሁለተኛ፤ ሽቦው ከአንድ ቤት ጋራ የታሰረ ስለ ሆነ፤ ጠሪው መናገር ቢያቅተው እንኳ ከወዴት እንደ ጠራ ማወቅ ይቻል ነበር። ሦስተኛ፤ መስመሩ ቢጠለፍ የሚሰማው ንግግሩ ብቻ ነበር እንጂ፤ ጠላፊው በእርሱ በኩል ወደ ኩባንያው መዝገብ የሚገባበት መንገድ አልነበረውም።

ስለ መጀመሪያው የብሪታንያ ነገር ምስክር ነው። የኢንተርኔት ቴሌፎን ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ባትሪ ከሌለው ዝም ስለሚል፤ ኦፍኮም የተባለው የአገሩ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት፤ ሌላ መጥሪያ የሌላቸው ሰዎች መብራት በጠፋ ጊዜ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት የአደጋ ጥሪ ማድረግ እንዲችሉ ኩባንያዎቹ እንዲያሰናዱላቸው በ2018 መመሪያ አወጣ። እንዲህም ሆኖ፤ ደካሞችና ሕመምተኞች ርዳታ የሚጠሩባቸው መሣሪያዎች ወደ አዲሱ መስመር ከተዛወሩ በኋላ ሳይሠሩ የቀሩበት ጊዜ ስላለ፤ በ2023 መንግሥት ኩባንያዎቹን ሰብስቦ ቃል አስገባቸው። በ2025 መጨረሻ ይዘጋል ተብሎ የነበረውም አሮጌ መስመር የመዝጊያው ቀን ወደ 2027 መጀመሪያ ተላለፈ።

ሁለተኛው ከሁሉ ይከብዳል። የደብሩን ደወል የሚሰማ ምእመን ድምፁ ከየት እንደ መጣ አይጠይቅም፤ ስፍራውን ያውቀዋልና። የኩባንያ ቴሌፎን ግን ማዞሪያውን የሚያሰናዳው ሰው ካላሰበበት ድምፁ ከቤቱም ላይወጣ ይችላል። በ2013 በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት፤ በማርሻል ከተማ በአንድ ሆቴል ክፍል ውስጥ፤ አንዲት እናት ተለይታው በነበረው ባልዋ እጅ በስለት ተወጋች። የዘጠኝ ዓመት ልጅዋ የአደጋ መጥሪያውን 911 ቍጥር አራት ጊዜ ደወለች። ሕፃኒቱ የተማረችውን አልሳተችም፤ ነገር ግን የሆቴሉ ቴሌፎን ወደ ውጭ ለመደወል በፊቱ ሌላ 9 ቍጥር እንዲጨመር ያስገድድ ስለ ነበረ ጥሪዋ ለማንም አልደረሰም፤ እናቲቱም ሞተች። ይህ ጥፋት የሽቦም የኢንተርኔትም አይደለም፤ ስለ ጠሪው ያላሰበ ሰው ጥፋት ነው። ከዚያ በኋላ በ2018 የወጣው የአሜሪካ ሕግ፤ ከየካቲት 2020 (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር) ወዲህ በድርጅቶችና በሆቴሎች የሚተከል ማዞሪያ 911ን ያለ ምንም ጭማሪ እንዲያደርስ አዘዘ። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ሕግም ጠሪው ያለበት ሕንፃ፣ ፎቅና ክፍል እንዲታወቅ የሚያስገድደውን ደንብ አስከተለ። በቤቱ ሆኖ የሚሠራ ሰው ሲጠራ ማዞሪያው የዋናውን መሥሪያ ቤት አድራሻ ቢያሳይ፤ ርዳታው የሚሮጠው ወደ ባዶ ቢሮ ነውና።

ስለ ሦስተኛው ደግሞ በመጋቢት 2023 (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር) የሆነው ይበቃል። ስሪ ሲ ኤክስ የተባለው የኢንተርኔት ቴሌፎን ሶፍትዌር ሻጭ ከ600,000 የሚበልጡ ድርጅቶች ደንበኞቹ እንደ ሆኑ ይናገር ነበር። ጠላፊዎች ሾልከው ገብተው ሶፍትዌሩን ከምንጩ በከሉት፤ ደንበኞቹም የተበከለውን በኩባንያው በራሱ ፊርማ ታትሞ ስላገኙት አምነው ተቀበሉት።

ከዚህ የምንማረው አዲሱን መሸሽ አይደለም፤ አደራውን በጽሑፍ መከፋፈል ነው እንጂ። በአገራችንም ሥልጣን የተሰጣቸው አለቆች እንዲህ ያለውን ቴሌፎን ለመሥሪያ ቤታቸው፣ ለሆስፒታላቸው ወይም ለትምህርት ቤታቸው ሲዋዋሉ፤ ዋጋው መርከሱን ብቻ አይተው ከመፈረማቸው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ። መብራት ቢጠፋ ስንት ሰዓት ይናገራል? በአደጋ ጊዜ የሚጠራው ሰው ያለበት ክፍል ይታወቃልን? ሶፍትዌሩን የሚጠብቀው ማን ነው? ለያንዳንዱም ጥያቄ መልሱ የመመሪያ ቃል ብቻ ሳይሆን የአንድ ኀላፊ ሰው ስም ይሁን። ከዚያም በኋላ በዓመት ጥቂት ጊዜ መብራቱን አጥፍቶ፤ ከአደጋ ጥሪ ተቀባዮቹም ጋራ አስቀድሞ ተስማምቶ፤ ጥሪው በእውነት መድረሱን መፈተን ያስፈልጋል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፤ ይህ ሁሉ ከመትከል በፊት ቢደረግ ድካሙ ትንሽ ነው። በማርሻል ለሞተችው እናት ግን ሕጉ የወጣው ከሞተች በኋላ ነበር።