ስልኩ ቤት ሲቀር

በሞያሌ ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ ከብት ለሚነግድ ሰው ስልኩ ገበያውም ባንኩም ሆኗል። ኤም-ፔሳ ኬንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ቴሌብር ኢትዮጵያ ውስጥ በ2021 ከጀመሩ ወዲህ በስልክ መክፈል ተለምዷል። ነጋዴው መንገድ ሲወጣ ቤት በሚቀረው ስልክ መልእክቱን የሚያነበው፣ አንዳንዴም የምስጢር ቁጥሩን የሚያውቀው ፊደል የቆጠረው ልጅ ነው። የማይታወቅ ሰው «ፎቶሽን ላኪልኝ» ወይም «የደረሰህን ኮድ ንገረኝ» የሚለውም በዚያው ስልክ ነው።

ትምህርት ቤቶች ተማሪውን ማስጠንቀቃቸው መልካም ነው፤ ግን አይበቃም። ልጅ ችግር ሲገጥመው ዝም የሚለው ብዙ ጊዜ ስልኩን እነጠቃለሁ፣ እገረፋለሁ ብሎ ነው። አስፈራሪውም የሚተማመነው በዚህ ዝምታ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ አስቀድሞ ማነጋገር ያለበት ወላጅን ነው፦ ልጁ ሲናገር አትቆጡ፣ መልእክቱን አታጥፉ፣ ለአስፈራሪው ገንዘብ አትላኩ። ቤት መናገር ለፈራ ልጅ ደግሞ የሚሄድበት አንድ መምህር ወይም አንዲት መምህርት ተለይተው ይታወቁ።

ስብሰባው በገበያ ቀን አይጠራ። አባት መንገድ ላይ ከሆነ እናት ወይም አያት ትምጣ። ንግግሩ ቤተሰቡ በሚሰማው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም በሶማሊኛም ይሁን። ደብዳቤ መላክ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ደብዳቤውን ለእናቱ የሚያነብላት ያው ልጅ ነውና።

ነጋዴውም ሁለት ስልክ ካለው የንግዱን ይዞ ይሂድ። ልጅ በሚነካካው ስልክ ላይ የሰንጋ ዋጋ ባይቀመጥበት ይሻላል።